በሁለቱ ወንበሮች መካከል

የማሰልጠኛው ሰው ሁሉ ጋሽ ረጋ ይለው ነበር። አዲስ ሰልጣኝ ገና መሪ ሳይጨብጥ ከእሱ አፍ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ረጋ» ስለነበረ ነው። ሞተር ሲጠፋ «ረጋ»፤ ከኋላ የቆመ ታክሲ ክላክሱን ሲያንባርቅ «ረጋ፣ እሱ ይቸኩል፣ አንቺን ምን አስቸኮለሽ»፤ መኪናው ከግንብ ጋር ሊሳሳም ስንዝር ሲቀረውም እንዲሁ «ረጋ»። ይህን ሁሉ የሚለው ከጎን ወንበር ሆኖ፣ ቀኝ እግሩን ትርፉ ፍሬን ላይ አንጠልጥሎ ነው። የማሰልጠኛ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ የሰልጣኙ፣ አንዱ የአሰልጣኙ። ጋሽ ረጋ ጎልማሳነቱን የጨረሰው በዚያች በሁለተኛዋ ፍሬን ላይ ነው።

ሥራውን ይወዳል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ጡረተኞች፣ ባሎቻቸው «አንቺና መኪና» እያሉ የሚያሾፉባቸው ሴቶች፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ጎረምሶች፣ ሁሉም በእሱ በኩል አልፈዋል። በመንገድ ሲሄድ መብራት ብልጭ እያደረጉ ሰላም የሚሉት ብዙ ናቸው። በእሱ እጅ ላይ ሳለ ሰው የገጨ ሰልጣኝ የለም፤ በዚህ ይኮራ ነበር፤ ኩራቱንም አይደብቅም።

ችግሩ ቤት ሲገባ ነው። ሰውነቱ ይገባና እግሩ ሥራ ላይ ይቀራል። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ቀኝ እግሩ በድንገት ይወረወርና የሚስቱን ቅልጥም ይመታል፤ በሕልሙ ፍሬን እየያዘ ነው። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ሳቂታ ሴት ናት፤ መጀመሪያ ላይ ትስቅበት ነበር። ቅልጥሜ በልዞ ደንበኞቼ ከባልሽ ጋር ኳስ ትጫወቻለሽ ወይ ይሉኛል ብላ ለጎረቤት ታወራለች። ኋላ ግን በመሃላቸው ትራስ ማስገባት ጀመረች፤ ትራሱም አላዋጣ ሲል ሳሎን ሶፋው ላይ ወጣች። እሱም እመታታለሁ ብሎ ስለሚፈራ እንቅልፍ እምቢ አለው። ጠዋት ጎን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ በርበሬ የገባበት ይመስላል። አንድ ቀን አንዲት ሰልጣኝ እየነዳች እሱ አንገቱ ወደቀ፤ ልጅቷ ስትጮህ ባንኖ ፍሬኑን ረገጠ። የደረሰ ጉዳት አልነበረም። ግን ልቡ ወለቀ። ሐኪም የሰጠው ኪኒን ደግሞ እስከ ቀትር ድረስ ጭንቅላቱን ጥጥ እያስመሰለ ስላስቸገረው ተወው።

መፍትሔውን ያመጣው በቀጣዩ መኪና የሚያሰለጥን ባልደረባው ነው፤ ዕድሜው የእሱ ግማሽ ቢሆን ነው። በወረቀት የተጠቀለለች ነገር እጁ ላይ አስቀመጠለትና ማታ አንድ ሁለት ሳብ አድርጎ እንዲተኛ ነገረው። ጋሽ ረጋ ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ሽታውን ያውቀዋል። ጋንጃ ነው። ሲጋራ የሸተተውን ሰልጣኝ ከመኪናው የሚያወርድ ሰው ነበር። በአንድ ወቅት ልብሱ ጋንጃ ጋንጃ የሚል ወጣት ሰልጣኝ ሲመጣበት በሰው ፊት አዋርዶ አባሮታል፤ አንተ ሰው ትጨርሳለህ ብሎታል። ይህን እያስታወሰ ወረቀቱን ኪሱ ከተተው።

የዚያን ዕለት እንደ ሕፃን ተኛ። እግሩም ተኛ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስቱ ከሶፋው ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ምን ተገኘ ብላ ስትጠይቀው፣ ዕድሜ ይሆናል፣ ጅማቱ ላላ አላት። ከሥራ መልስ በማሰልጠኛው ግቢ ጀርባ፣ አሮጌ ጎማ በተከመረበት በኩል ቆሞ ትንሽ ይስባል፣ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ቤቱ ይሄዳል። ጠዋት አይነካትም፤ በሥራ ሰዓትም አይነካትም። ለራሱ የሚነግረው ይህን ነበር። ቤት እንዳይገኝበት ግን ጥቅሏን የሚያስቀምጠው መኪናው ውስጥ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ባለችው ክዳን ያላት ሳጥን፣ በመስታወት መወልወያ ጨርቅ ሸፍኖ ነበር።

በዚያ ሰሞን የምትሰለጥን አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ጣቶቿ ላይ ሁልጊዜ የልጆች ቀለም አይጠፋም፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ብርቱካናማ። መኪና መንዳት አምሯት አልነበረም የመጣችው። ባሏ በደም ግፊት ወድቆ ግማሽ ጎኑ ስለሰነፈ፣ ወደ ሆስፒታል የሚያመላልሰው ሰው አጥታ፣ ቤት ቆማ የቀረችውን የባሏን መኪና ራሷ ልትነዳ ቆርጣ ነው። መኪና ስትነዳ ከአስፋልቱ ጋር ታወራለች። ጉድጓድ ሲመጣ «ይቅርታ» ትላለች፤ እግረኛ ስታሳልፍ «በሉ እለፉ የኔ ጌቶች» ትላለች፤ ሕፃናቱን እንደምታናግር። ጋሽ ረጋ ብዙ ሰልጣኝ አይቷል፤ እንደዚህች ሴት ግን ያከበረው ጥቂት ነው። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱ «መምህርት» ይላታል፤ ሁለቱም በአንቱታ ነው የሚነጋገሩት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሣትን ሲለማመዱ ቆይተው ሲመለሱ፣ መንገዱ ላይ ፖሊሶች መኪና ያስቆማሉ። በዚያ ሰፈር ሌብነት ተፈጽሞ ስለነበር ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይፈትሹ ነበር። መምህርቷ ፖሊስ ስታይ ደነገጠችና ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀች፤ መኪናው ተንደርድሮ ዘለለና ሞተሩ ጠፋ፤ ልክ ፍተሻውን የሚመራው ሳጅን እግር ሥር። ሳጅኑም ሳቀ፤ ጋሽ ረጋም ሳቀ፤ እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳጅኑ ወረቀታቸውን አይቶ ሊያሳልፋቸው ነበር። ከዚያ በመስኮቱ አጎንብሶ ጭንቅላቱን ትንሽ አስገባና ፈገግታው ጠፋ። ሽታው አፍንጫው ገብቷል።

የመካከሏን ሳጥን ክፈቱ አለ። መምህርቷ መነጽሯን እዚያ አስቀምጣ ስለነበር፣ መነጽሬን ፈልጎ ነው ያለች ይመስል እሷው ከፈተችለት። የመነጽሯ ማኅደር ወጣ፤ ጨርቁ ወጣ፤ ከጨርቁ ውስጥ ጥቅሏ ወጣች።

ሳጅኑ ጥቅሏን ፈቶ አሸተተና ሁለቱን በየተራ አየ።

«የማን ነው?»

መልሱ ሁለት ቃል ነበር። ጋሽ ረጋ ሁለቱ ቃላት ከሆዱ ተነሥተው ጉሮሮው ድረስ ሲመጡ ተሰምቶታል። ግን እዚያው ቆሙ። መምህርቷ ነገሩ ገና ስላልገባት ጥቅሏን እንደ ከባድ የፈተና ጥያቄ አፍጥጣ ታያታለች። ሳጅኑ ደግሞ ጠየቀ። ጋሽ ረጋ ወደ ፊት መስታወቱ አየ። ሳጅኑም መልስ የሚሰጥ ሲያጣ፣ እንግዲያው የሁለታችሁም ነው ማለት ነው፣ ውረዱ አለ።

ጣቢያ ሲደርሱ ለየብቻ አስገቧቸው። በሕጉ አደንዛዥ ዕፅ ይዞ መገኘት በራሱ ወንጀል ነው፤ ማጨሱን ማንም አይጠይቅም፤ ይዞ መገኘቱ ይበቃል። ዕፁ የተገኘው በሁለት ሰው መካከል ከሆነና ማንም የእኔ ነው ካላለ፣ መርማሪው ሁለቱንም አስቀምጦ ማጣራት አለበት። ይህን መርማሪው ራሱ በትዕግሥት አስረዳው። ጋሽ ረጋ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና ቃሉን ለመስጠት ጠበቃዬን ልይ አለ።

ጠበቃው የሚስቱ የእኅት ልጅ ነው፤ ሩጫ የሚወድ፣ ፈጣን ልጅ። በማግስቱ ጠዋት መጣ። የማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ጋሽ ረጋ ሊነግረው አፉን ሲከፍትም እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው።

«ጋሼ፣ አይንገሩኝ። እኔ ሳላውቅ ብናገር ይሻላል። መኪናው የማሰልጠኛው ነው፤ ሌላም አሰልጣኝ ይነዳዋል። የሴትየዋም መነጽር እዚያው ተገኝቷል። የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ካልቻሉ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ። እርስዎ የእኔ ነው ካሉ ግን የአሰልጣኝነት ፈቃድዎን በገዛ እጅዎ ቀደው ጣሉት ማለት ነው። በዚህ የተፈረደበት ሰው ተመልሶ አያሰለጥንም።»

«እሷስ?» አለ ጋሽ ረጋ።

«እሷም ትወጣለች አልኩዎት እኮ። ትንሽ ትቆያለች እንጂ።»

ጋሽ ረጋ «ትንሽ» የሚለውን ቃል ያዘ። ቅዳሜና እሑድን ያሳለፈው በዚያች ቃል ተጠልሎ ነው። ትንሽ ትቆያለች፤ ትወጣለች፤ እኔም እወጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይህን ነገር ዳግመኛ አልነካም፤ ማንም አልተጎዳም። እንዲህ እያለ ነገሩን በልቡ ያስተካክለዋል። የሴቶቹ ክፍል ከኮሪደሩ ማዶ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ስታለቅስ ይሰማል፤ ከዚያ የመምህርቷ ድምፅ፤ ልክ ጉድጓዱን ይቅርታ እንደምትለው ባለ ለስላሳ ድምፅ፣ ልጅቷን በይ ውሃ ጠጪ፣ በይ ፊትሽን ታጠቢ ትላታለች። ጋሽ ረጋ ጆሮውን በእጁ ይደፍናል።

እሑድ ከሰዓት ጠያቂዎች ሲመጡ በመስኮቱ ፍርግርግ ወደ በሩ አየ። አንድ ሰው በከዘራ ተደግፎ ቆሟል፤ ግራ እጁ ደረቱ ላይ ታጥፎ ቀርቷል፤ ፊቱ በአንድ በኩል ዝቅ ብሏል። ዘበኛው አሳዝኖት ወንበር አወጣለት። ሰውየው በጤነኛ እጁ ወንበሩን ገፋ አድርጎ መቆሙን ቀጠለ። ያ የመምህርቷ ባል ነው። በማን መኪና እንደመጣ እግዜር ይወቅ። ጋሽ ረጋ ከመስኮቱ ራቀና ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ያኔ ቢጮህ፣ መርማሪው ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማው ነበር። አልጮኸም።

ሰኞ ችሎት ቀረቡ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አግዳሚዎቹ ሞልተው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የማሰልጠኛው ሥራ አስኪያጅ መጥቷል፤ ሚስቱ የሥራ ጋውኗን ሳታወልቅ መጥታለች፤ ከኋላ በኩል ሁለት ሴቶች መምህርቷን እያዩ ይንሾካሾካሉ፤ የልጆች ወላጆች ናቸው። መምህርቷ ከጎኑ ቆማለች። ጣቷ ላይ ያለው የዓርብ ቀለም፣ ቢጫ ነው፣ አልለቀቀም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው መጀመሪያ መምህርቷን ጠየቁ። መምህርቷ የተያዘው ነገር የእሷ እንዳልሆነ፣ የማን እንደሆነም እንደማታውቅ ተናገረች። ይህን ብላ ብትቀመጥ ይበቃ ነበር። አልተቀመጠችም።

«ክብርት ዳኛ፣ ስለ እሳቸው ግን አንድ ነገር ልበል። እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር የሚነኩ ሰው አይደሉም። ሲጋራ ያጨሰ ሰው እንኳ መኪናቸው ላይ አይቀመጥም። ሌላ ሰው አስቀምጦባቸው ይሆናል እንጂ፣ እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው።»

ጋሽ ረጋ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ምድር ግን አትከፈትም፤ ሊኖሊየም የተነጠፈባት ደረቅ ወለል ናት። ጠበቃው በዓይኑ ዝም ይበሉ ይለዋል። ዳኛዋ ወደ እሱ ዞሩ፤ እርስዎስ ምን ይላሉ አሉት።

«የእኔ ነው» አለ፤ ድምፁ እግሩ ሥር ወደቀ።

«አልሰማሁም። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።»

«የእኔ ነው። እሷ ምንም አታውቅም።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ጠየቁት። አፍሬ ነው አለ። ይኼ እንኳ እውነት እንዳልሆነ እየተናገረው ያውቀዋል፤ ግን ከሌላው መልስ ይልቅ የሚያምር መልስ ስለሆነ እሱን ሰጠ። መምህርቷ አየችው። ትቆጣኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልተቆጣችም፤ ነገሩን በትክክል ያልሰማ ሰው እንደሚያደርገው አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ አየችውና ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። ያን ዕለት በነፃ ወጣች። በሩ ላይ ባሏ ጤነኛ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃት ነበር።

ፍርዱ ከሳምንታት በኋላ ተሰጠ። ጠበቃው መጠኑ ጥቂት መሆኑን፣ ለገዛ መጠቀሚያው መያዙን፣ የቀደመ ጥፋት እንደሌለበት፣ የእንቅልፍ ሕመሙንም ጭምር ማቅለያ አድርጎ አቀረበ። ዳኛዋ ሁሉንም ተቀበሉ። እንዲህ ባለ ጉዳይ ቅጣቱ በገደብ ታልፎ ሰው ቤቱ ሊመለስ እንደሚችልም ተናገሩ፤ ሚስቱ እዚህ ላይ ተነፈሰች። ከዚያ ቀጠሉ። ዕፁን ያስቀመጠው ሰው ሊያስተምርበት አደራ በተሰጠው መኪና ውስጥ ነው፤ ከዚያም በላይ ንጹሕ ሰው ከጎኑ ታስራ እያየ ዝም ብሏል። ስለዚህ ሦስት ወር ቀላል እስራት፣ ያለ ገደብ። የአሰልጣኝነት ፈቃዱም ተሰረዘ።

ጋሽ ረጋ ፍርዱን ሲሰማ አልከፋውም። እንዲያውም ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ቀለል ያለው መሰለው። ግን ያ ቅለት እስር ቤቱ በር ድረስ እንኳ አልዘለቀም።

እስር ቤት ውስጥ እንደ እሱ ባለ ጥፋት የገቡ ብዙ ወጣቶች አገኘ። ጥፋታቸውን ከእሱ ጋር ሲያወዳድር የእነሱ ይቀላል፤ ቢያንስ ሲያዙ የእኛ ነው ብለዋል። ከእነሱ አንዱ ያ ከመኪናው ያባረረው ሰልጣኝ ሆነ። ጋሽ ረጋ ፊቱን ሊያዞር ሲል ወጣቱ ቀድሞ አወቀው። ይሰድበኛል ብሎ አንገቱን ደፋ። ወጣቱ ግን ነፋስ የማይገባበትን የግድግዳ ጥግ ለቀቀለትና የራሱን ፍራሽ ወደ በሩ ጎተተ። ስለ ድሮው አንድም ቃል አልተናገረም። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

እግሩም ተመለሰበት። ከጎኑ የተኛውን ሰው በየሌሊቱ ይነርተዋል። ሰውየው ጠዋት ቅልጥሙን እያሸ «ጋሼ፣ ትናንት ደግሞ ማንን ነው ያተረፉት?» ይለዋል፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ጋሽ ረጋም አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ሳይጨርስ መሃል ላይ ይቆምበታል።

ሚስቱ በየሳምንቱ ትመጣለች። ያጠበችለትን ልብስ ታቀብለዋለች፣ የቤቱን ወሬ ትነግረዋለች። ሌላ ከተማ ያገባችው ልጃቸው ስልክ እየደወለች አባዬ እንዴት ነው ትላለች፤ የባሏ ዘመዶች ሲጠይቋት ግን አባቴ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል እንደምትላቸው ሚስቱ ሳትደብቅ ነገረችው። ጋሽ ረጋ ትክክል አደረገች አለ።

«እግርህ ያን ሰሞን ያረፈው በዚህ ነበር?» አለችው ሚስቱ።

ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ደግሞ እግዚአብሔርን ሳመሰግን ነበር» አለች። ተናድዳ አልነበረም። ቦርሳዋን አንሥታ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ወፍራም ካልሲ አመጣልሃለሁ ብላው ወጣች።

ከእስር ሲፈታ ስለ መምህርቷ ያልሰማውን ሰማ። ችሎት በነፃ ለቋት ሰው ግን አልለቀቃትም። የወላጆቹ ወሬ ስለ ጋንጃው ብቻ አልነበረም፤ ከወንድ ጋር፣ መኪና ውስጥ፣ ባሏ ቤት ታሞ ተኝቶ፣ የሚል ነበር። ርዕሰ መምህሯ ነገሩ እስኪበርድ ብላ ከክፍል አውጥታ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀምጣት ነበር። ሕፃናቱ የሚለጥፉትን ወረቀት ስትቆርጥ፣ የደረቀ ቀለም ስታጥብ ወራት አለፉ። ወደ ክፍሏ የተመለሰችው ሌላ የሚተካት ሰው ስለጠፋ እንጂ ወሬው ስለበረደ አልነበረም።

ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። በመንገዱ የሚናገረውን ሲያጠና፣ ሲያሳምር፣ ሲቆርጥ ሲቀጥል ነው የደረሰው። በሩን የከፈተው ባሏ ነው፤ ለመክፈት ጊዜ ወሰደበት። ማን መሆኑን ሲያውቅ በሩን አልዘጋውም፤ ግባም አላለው። ዞሮ ሚስቱን ጠራ። መምህርቷ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች። ያጠናው ሁሉ ከአእምሮው ብን ብሎ ጠፋ። ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ፣ ያን ብቻ ደጋገመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው። «ጣቢያ ሳለን፣ እነዚያን ቀናት ሁሉ፣ ምን እያሰቡ ነበር? ዳኛዋን አፍሬ ነው አሏቸው። እውነት አፍረው ነው?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ያንን መልስ ዳግመኛ ሊሰጥ አልቻለም።

«አይደለም» አለ። «ስለ ፈቃዴ ነበር የማስበው። ባለቤትዎ እሑድ ዕለት በሩ ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ። ያኔም የማስበው ስለ ፈቃዴ ነው።»

ባልየው ከዘራውን መሬት ላይ መታ አደረገ፤ ሊናገር ፈልጎ ቃሉ አልመጣለትም፤ ተወው። መምህርቷ ለረጅም ጊዜ ፎጣውን አጠፈችው፣ ፈታችው።

«እኔ ደግሞ እስር ቤት ቁጭ ብዬ ለእርስዎ አዝን ነበር» አለች። «ሰው ተንኮል ሠርቶባቸው ነው እያልኩ። እሱ ነው የሚቆጨኝ፤ እስሩ አይደለም።» ከዚያ ድምፅዋን እንዳለሰለሰች «በሉ ደህና ይሁኑ ጋሼ» ብላ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ጋሽ ረጋ ከዚያ በኋላ ሥራ ለማግኘት ብዙ ተንከራተተ። የተፈረደበትን ሰው ሾፌር አድርጎ የሚቀጥር የለም። በመጨረሻ ጠበቃው ዋስ ሆኖት አንድ ሆስፒታል ግቢ መኪና አስቆሚ ሆነ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ ወዲህ ይምጡ፣ ወደ ኋላ፣ ይበቃል ሲል ይውላል። መጀመሪያ ሰሞን የድሮ ሰልጣኞቹ ሲመጡ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ይደፋል። አንዳንዶቹ ሰላም ይሉታል፤ አንዳንዶቹ መስኮታቸውን ሳይከፍቱ ያልፉታል። የትኛው እንደሚከብድ ለራሱም አልለየለትም።

መምህርቷም እንደምትመጣ የተረዳው ኋላ ነው። ባሏን ለእግር ማፍታቻ ሕክምና ታመጣዋለች። ከሌላ አሰልጣኝ ጋር ጨርሳ ፈቃዷን አውጥታ ኖሯል፤ የባሏን መኪና ራሷ ትነዳለች። ጋሽ ረጋ መጀመሪያ ያያት ዕለት የመኪናዋን ቀለም በልቡ ያዘና፣ ከዚያ ወዲህ በሩቅ ሲያያት ከላይኛው በር ያለውን ባልደረባውን ቦታ እንቀያየር ይለዋል። ባልደረባው አበዳሪዎ ናት ወይ እያለ ያሾፍበታል። እሱም ወደ ላይ ይወጣል። ሚስቱ ይህን ሰምታ አልሳቀችም፤ ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ፣ እስከ መቼ ነው ከሴትዮዋ የምትሮጠው አለችው።

አንድ ቀን ባልደረባው ታሞ ቀረ። ሆስፒታሉ ሞልቷል፤ አንድ ቦታ ብቻ ክፍት ነው፤ እሱ የቆመበት። የመምህርቷ መኪና ገባች። የሚሸሽበት አልነበረም። እጁን አንሥቶ ቦታውን አሳያት። አወቀችው። ባሏም አወቀው፤ ፊቱን ወደ ሌላ አላዞረም፤ ሰላምታም አልሰጠውም።

ቦታው ጠባብ ነው፤ በሁለት ትልልቅ መኪኖች መሃል። መጀመሪያ ስትገባ ጠመመባት፤ ወጣች። ዳግም ስትገባ ከግራው መኪና ጋር ተጠጋች፤ ወጣች። ጋሽ ረጋ የሚባለውን ያውቃል፤ መሪውን አሁን ወደ ቀኝ፣ አሁን ቀጥ። ምላሱን ነክሶ ያዘው። የማዘዝ መብቴ ቀርቷል ብሎ እጁን ከኋላው አቆላልፎ ቆመ። ሌላ መኪና ከኋላዋ መጥቶ ክላክሱን ነፋ። ጋሽ ረጋ ወደዚያ ሄዶ ሾፌሩን በእጁ አስቆመው፤ ሾፌሩ አንባረቀበት፤ አልተንቀሳቀሰም። በሦስተኛው ገባችላት።

ወርዳ ባሏን አወረደች። ከዘራውን አቀበለችው። ሊሄዱ ሲሉ ቆመችና ጎማዎቹን አየች።

«መስመሩን ረግጫለሁ?» አለችው፤ ጋሼ አላለችውም።

«ትንሽ» አለ። «ግን ማንንም አይነካም።»

አሰበችበት። ከዚያ ባሏን ግድግዳውን አስደግፋ ተመልሳ ገባች፤ ሞተሩን አስነሥታ መኪናውን ስንዝር ያህል አስተካከለች፤ ወርዳ ደግማ አየችና ባሏን ክንዱን ይዛ ደረጃውን ወጡ። ጋሽ ረጋ ዓይኑን ከእነሱ አንሥቶ ወደ በሩ ተመለሰ። ያንባረቀበት ሾፌር ገና እየጠበቀ ነበር፤ ቦታ የለም፣ እስኪለቀቅ ይታገሱ አለውና ፀሐይ ላይ ቆመ። ፊቱ ግሏል፤ ከፀሐዩ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ባልደረባው ድኖ ሲመለስ እንቀያየር ወይ አለው። ጋሽ ረጋ ብዙ አመነታ። እዚሁ ልሁን አለው።